ቀትር ላይ የተነሳች ምጽዋ

ሰሞኑን ስትቀባበሏቸው የከረማችሁትን የድሮ የምጽዋ ፖስት ካርዶች ዛሬ ከሰዓት በስልኬ ይዤ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ጋሼን ላስተዋውቃችሁ። "ኢትዮጵያ" የምትባለው የባሕር ኃይል መርከብ ላይ ያገለገሉ፣ መርከቧ በ1983 ወደ የመን ሄዳ በዚያው ስትቀር እንደ ሰው ያለቀሱላት ሰው ናቸው።

የመጀመሪያዋን ካርድ ገና ሲያዩ "ይቺ ተገልብጣለች" አሉ።

ስልኩን አዞርኩላቸው።

"እንደሱ አይደለም፣ አንቺ ልጅ! የተገለበጠው ባሕሩ ነው። እዚህ ቆመሽ ወደዚያ ስታዪ ባሕሩ በግራሽ ነው። እነዚህ በቀኝ አድርገውታል።"

ከሥር ያለው የጣሊያንኛ ጽሑፍ ግን ቀጥ ብሎ ይነበባል። ስለዚህ ስልኬም፣ ካርዱን የላካችሁልኝም ነጻ ናችሁ። ጣሊያን አገር የነበረ አንድ አታሚ የፎቶውን የመስታወት ኔጋቲቭ ገልብጦ አትሞታል ማለት ነው። ካርዷ ከዚያ ወዲህ በስንቱ እጅ ስትዞር ማንም ልብ አላለም፤ ጋሼ ግን መነጽራቸውን እንኳ ሳያደርጉ ያዙት።

ከዚያማ ጉብኝት ሆነ። በሁለት ጣታቸው ፎቶውን እየለጠጡ፣ ከየብስ ወደ ጥዋለት ደሴት፣ ከጥዋለት ወደ ዋናዋ ደሴት በሚያሻግረው የድንጋይ መንገድ ወሰዱኝ። ይህ መንገድ ግብፆች ከተማዋን በያዙበት ዘመን፣ ስዊሳዊው ሙንዚንገር ሲያስተዳድራት የተሠራ ነው። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ አስቆሙኝ። ከዚህ ተነስቶ ተራራውን እየተጠማዘዘ 118 ኪሎ ሜትር የሚወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ1911 አሥመራ የደረሰው ሐዲድ እዚያ ነው። ቱርኮቹ እ.ኤ.አ. ከ1557 ጀምሮ የተቀመጡባት አሮጌዋ ከተማ ውስጥ አስገቡኝ፤ ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተገነቡ ቤቶች፣ በእንጨት ጥልፍ የተሸፈኑ መስኮቶች፣ ጥላ ለማግኘት ሰው ከሥራቸው የሚሄድባቸው ቅስቶች። አንዳንድ ሕንፃ ሲያዩ ጋሼ "ይሄ በኔ ጊዜ አልነበረም!" ብለው ይቆጣሉ፣ ሳያስፈቅዷቸው ያፈረሱት ይመስል። እ.ኤ.አ. በ1921 የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙውን ነገር እንዳፈረሰው ስነግራቸው በመጠኑ ተረጋጉ።

እንደዚህ እያልን የቤቱ እመቤት፣ ምጽዋ የኖሩት እትዬ፣ ቡናውን ይዘው መጡና በትከሻችን ላይ ጎንበስ ብለው አዩ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

"ሰዉስ?"

ጋሼ ዝም አሉ። እኔም አየሁ። እውነትም ሰው የለም። መንገዱ አለ፣ ቅስቱ አለ፣ ባንኩ አለ፣ ሩቅ አንድ ነጭ የለበሰ ሰውዬ ግድግዳ ታክኮ ይሄዳል። ሌላ ካርድ ከፈትኩ፤ ያው ነው። ሌላ፤ ያው።

"ቀትር ላይ አንስተውት ነዋ" አሉ እትዬ፣ ሲኒ እየደረደሩ። "በሐምሌ፣ በምጽዋ፣ በቀትር ማን ይወጣል? ፎቶ አንሺው ብቻ ነው የሚወጣው።"

ከዚያ በኋላ የተናገሩትን ስልኬን ከፍቼ መቅዳት ነበረብኝ፤ ስሰማ ረሳሁት። ፀሐይ ስትጠልቅ መንገዱ መኝታ ቤት ይሆን ነበር። በጠፍርና በገመድ የተሠራው አልጋ ከየቤቱ ይወጣል፤ ወንዱ መንገድ ላይ፣ ሴቱና ልጁ ጣራ ላይ ይተኛል። ሌሊት ከሥራ የሚገባ ሰው በአልጋዎቹ መሐል በጎን እየተንሸራተተ ማለፍ ነበረበት፤ ጋሼም በዚህ ጊዜ "እኔ መርከብ አስገብቼ የማላውቀውን ጥንቃቄ እዚያ ነው የተማርኩት" ብለው ገቡ። ዝንጅብል የገባበት ቡና ይፈላል። ከየመኖቹ ምድጃ፣ ለሁለት ተሰንጥቆ በርበሬ የተቀባ ዓሣ ይወጣል። እትዬ የጎረቤቶቻቸውን አልጋ በተርታ ጠሩልኝ፤ የማን ከማን አጠገብ እንደነበር፣ ማን እንደሚያንኮራፋ፣ የትኞቹ ሁለቱ ተኳርፈው አልጋቸውን ጀርባና ጀርባ እንዳዞሩ። ዓረብኛ፣ ትግረ፣ ትግርኛ፣ አማርኛ፣ ዓፋርኛ እየቀላቀለ የሚጣላ መንገድ።

እኔ እስከ ዛሬ እነዚያን ካርዶች ሳይ "እንዴት ጸጥ ያለች ከተማ ነበረች" እል ነበር። ጸጥታው የከተማዋ አልነበረም። ፎቶ አንሺው ብርሃን ይፈልጋል፣ ሰው ደግሞ ጥላ ይፈልጋል፤ ሁለቱ አይገናኙም። ካርዱ ዋሸ አልልም፤ ቀትሩን በትክክል አንስቷል። የዚያች ከተማ ቀን ግን ማታዋ ነበር።

ካርዱን የሚገዛው ማን እንደነበረም አስቡት። እ.ኤ.አ. የካቲት 1885 ጣሊያን ምጽዋን ከያዘ በኋላ የመጣ ወታደርና ሹም ነው። ለእናቱ "ሰላምታ ከምጽዋ" ብሎ ይልካል፣ ባንክና ባቡር ያለበት ቦታ መሆኑን ያሳያል። ባዶ መንገድ ለዚህ ሰው ይመቸዋል። "ማንም አልነበረም፣ እኛ ነን የሠራነው" ለማለት ባዶ መንገድን የመሰለ ማስረጃ የለም። ሰው ያነሱበት ካርድ የለም እንዳትሉኝ፤ አለ። ናሬቲን የመሳሰሉት የዘመኑ ፎቶ አንሺዎች ሰውም አንስተዋል። ግን እንዴት? ሴቲቱን አቁመው ወይም አስቀምጠው፣ ከሥሯ የዘሯን ስም ጽፈው። የራሷ ስም የለም፣ የሰፈሯ ስም የለም። ስለዚህ በእጃችን የቀረው ሰው የሌለበት መንገድና ስምና መንገድ የሌለው ሰው ነው። ሁለቱን የሚያገናኙ እንደ እትዬ ያሉ ሰዎች ብቻ ናቸው።

ይህን ስጽፍ አንድ አንጀቴን ያቃጠለ ነገር መጣብኝ፤ ካልተናገርኩት አያስቀጥለኝም።

አያቴ አንድ ፎቶ ብቻ ነበራት። አንድ! ለጉዳይ ተብሎ የተነሳችው፣ ጠርዙ የተበላ፣ መሐሉ የታጠፈ። አንገቷ ላይ ንቅሳት ነበራት፤ ከአገጯ ሥር በመስመር በመስመር የወረደ። ልጅ ሆና በእሾህና በጥላሸት ሲነቅሷት አለማልቀሷን እስክትሞት ድረስ ታወራ ነበር። ስታወራ አገጯን ቀና አድርጋ አንገቷን ታሳየናለች፤ እኛም ለመቶኛ ጊዜ "ውይ! ምንም አላለቀስሽም?" እንላለን። ያንን ፎቶ እንዲያድሱልኝ አንድ ፎቶ ቤት ሰጠሁ። ሲመልሱልኝ ልጁ ደስ ብሎት "አንገቷ ላይ የነበረውን ቆሻሻም አጽድተንልሻል" አለኝ።

ቆሻሻ!

አንገቷ ልሙጥ ሆኗል፣ ቆዳዋ ቀልቷል፣ ነጠላዋ ሰማያዊ ሆኗል። የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ላይ ያለች ሴት መስላለች። ዋናው ፎቶ ደግሞ ጠፋ። ልጁ ላይ መጮኽ እንኳ አልቻልኩም፤ በክፋት አልነበረምና። ንቅሳት ምን እንደሆነ የነገረው ሰው አልነበረም፣ ከፎቶው ጀርባ ላይም አንድ ቃል አልተጻፈም። እማዬ ያንን አዲሱን ፎቶ ሳሎን ሰቅላዋለች። እንግዳ ሲመጣ "እናቴ ናት" ትላለች። እኔ ቀና ብዬ አላየውም።

የምጽዋ ካርዶችም ባለቀለም የሆኑት በአብዛኛው እንዲሁ ናቸው። በጥቁርና ነጭ ተነስተው፣ ቦታውን ረግጦ የማያውቅ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ቀለም ቀብቷቸዋል። አሁን ደግሞ እናንተ በስልካችሁ መተግበሪያ እንደገና እየቀባችኋቸው ነው። በእናታችሁ፣ ተዉ። ቢያንስ ዋናውን አብራችሁ ላኩ።

ሌላም ልለምናችሁ። ከዚህ ሥር "ወደቡ የማን ነው" የሚል ጦርነት እንዳይከፈትብኝ። የምጽዋ ፎቶ በተለጠፈ ቁጥር ከሦስተኛው አስተያየት ጀምሮ ካርታ ይመጣል፣ ከካርታው በኋላ ስድብ ይመጣል፣ መጀመሪያ "እናቴ እዚህ መንገድ ላይ ነው የተወለደችው" ብላ የጻፈችው ልጅ አስተያየቷን አጥፍታ ትሄዳለች። ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። ያቺ ልጅ የጻፈችው አንድ መስመር ከካርታችሁ ሁሉ ይበልጥ ነበር፤ አባረራችኋት።

የእትዬ መንገድ ሰዎች እንደሆነ አንድ ወገን አልነበሩም። ከፊሎቹ በየካቲት 1982 ከተማዋ ስትያዝ፣ በመድፍና በአውሮፕላን ስትደበደብ አለቁ ወይም ተበተኑ። በ1990 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ ደግሞ ከዚህ ወደዚያ፣ ከዚያም ወደዚህ ሰው ከቤቱ እየተነሳ ሄደ። እንደዚያ የሚወጣ ሰው ልጁን ይይዛል፣ ወርቅ ካለው ወርቁን ይይዛል፤ አልበም አይይዝም። እትዬን "ከዚያ ጊዜ ፎቶ አለዎት?" አልኳቸው። "አንድም" አሉኝ። በ2010 ሐምሌ በሁለቱ አገሮች መካከል ስልኩ ሲከፈት ደውለው የእነዚያን አልጋዎች ባለቤቶች በተርታ ጠይቀዋል። ግማሾቹ የሉም። የቀሩት ደግሞ መጀመሪያ የጠየቋቸው ስለሌሎቹ ነው።

ስለዚህ የምለው አንድ ነገር ነው። ካርዶቹን መሰብሰብ ጥሩ ነው፣ ሰብስቡ። ግን ካርዱን ይዛችሁ እዚያ ወደ ኖረ ሰው ሂዱ። ሕንፃውን አትጠይቁት፤ ሕንፃው ፎቶው ላይ አለ። "ማታ እዚህ ማን ነበር?" በሉት። ምጽዋ መሆን የለበትም፤ አሰብም፣ ጎርጎራም፣ የራሳችሁ ሰፈርም ይሁን። ቤታችሁ ያለውን ፎቶ ደግሞ ዛሬውኑ አውርዱና ጀርባው ላይ ስም፣ ቦታ፣ ዓመት ጻፉ። በስሱ፣ በእርሳስ፤ የእስክሪቢቶ ቀለም ወደ ፊቱ ያልፋል። ንቅሳት ካለ "ንቅሳት ነው፣ እንዳይነካ" ብላችሁ ጻፉ።

እትዬ የተኳረፉትን የሁለቱን ሰዎች ስም ነግረውኛል። በመጨረሻ ታርቀዋል ወይ ብዬ ሳልጠይቅ ወጣሁ። አሁኑኑ ልደውልላቸው ነው።