ትንሿን ወፍ ከግሪሳ ስለ መለየት

የመልካ ጀብዱ ገበሬ ማሽላው ሲያፈራ ልጆቹን በማማ ላይ አውጥቶ ወንጭፍ ያስይዛቸዋል። ግሪሳ የዓመቱን ድካም በጥቂት ቀን የሚያጠፋ ጠላት ነውና ይህ የተገባ ነው። ነገር ግን በዚያው ወራት፥ ከመስከረም ጀምሮ፥ በግራር ቅርንጫፍ ላይ ያለ ዕረፍት ከቅጠል ወደ ቅጠል የምትዘል፥ አረንጓዴና ቡናማ የተቀላቀለባት አንዲት ትንሽ ወፍ ትታያለች። ክብደቷ 10 ግራም ያህል ነው። እርስዋም የአውሮፓንና የሰሜን እስያን ብርድ ሸሽታ የመጣች እንግዳ ናት፤ ምግብዋም ትልና ነፍሳት እንጂ እህል አይደለም።

ታናሹ ልጄ ከነዚህ አንዲቱን በድንጋይ ጥሎ «ግሪሳ ገደልሁ» እያለ በደስታ ይዞልኝ መጣ። እኔም ሳልቈጣ፥ «ልጄ፥ ምንቃሯን ተመልከት፤ የግሪሳ ምንቃር ወፍራም ነው፥ እህል ይሰብራል፤ የዚህች ግን እንደ መርፌ ቀጭን ነው፤ በዚህ ማሽላ ይሰበራልን?» አልሁት። ልጁም ጥቂት ዝም ብሎ «አባባ፥ እንግዲያስ ስሟ ማነው?» ሲል ጠየቀኝ።

ለፍጥረት ስም ማውጣት ከአባታችን ከአዳም የወረስነው ሥራ ነውና፥ ሊቃውንት በዚህች ወፍ ረገድ ብዙ ደክመዋል። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ስዊድናዊው ሊኔዎስ በ1758 ዓ.ም. ቀጭን ምንቃር ካላቸው ከብዙ ሌሎች ወፎች ጋር በአንድ ወገን ጻፋት። የእንግሊዝ አገሩ ካህን ጊልበርት ዋይት በ1768 ዓ.ም. እርስዋንና ሁለት መሳዮቿን በመልክ ሳይሆን በዜማቸው ለይቶ፥ ሦስት ዓይነት መሆናቸውን አስረዳ። ጀርመናዊው ቦዬ በ1826 ዓ.ም. ለወገኑ «ፊሎስኮፐስ» የሚለውን ስም አወጣ፤ ይህም ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «ቅጠል ተመልካች» ማለት ነው። ወደ አገራችን የመጣው ሩፔል ደግሞ በስሜን ተራራ የተገኘችውን፥ የደጋ ጫካችን ነዋሪ የሆነችውን እኅቷን በ1840 ዓ.ም. ጽፎ አስታወቀ።

በ2006 ዓ.ም. የዘር ምርመራ እነዚህን ወፎች ከሰፊው የቀድሞ ቤተ ሰብ ለይቶ ራሳቸውን የቻሉ ቤተ ሰብ አደረጋቸው። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ «ሴይሰርከስ» ይባል የነበረው ወገን ከነርሱ ጋር እንዲጠቃለል ተደረገ፤ ዛሬ ዓይነታቸው 80 ያህል ይሆናል።

በፍርድ ቤት የተከራካሪን ቃል ለሚጽፍ ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ ነገር አይደለም። መልክ ብቻ አይበቃም፥ ድምፅም መሰማት አለበት፤ አዲስ ማስረጃ ሲቀርብም የቀድሞው ፍርድ በይግባኝ ይታያል። በዚህም የሊቅ ክብር አይጐድልም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ ለልጃችሁ ወንጭፍ ከመስጠታችሁ በፊት የምንቃርን ልዩነት አስተምሩት። ትልና ነፍሳትን ከዛፋችን የምትለቅም ወፍ በግሪሳ ዕዳ መሞት አይገባትም። ሳይለዩ መምታትን በወፍ የለመደ እጅም፥ ካደገ በኋላ በሰው ላይ እንዳይደግመው ያሠጋል።