በረሃ የገባን ሰሞን

ደብረ ብርሃን ላይ ጥር ሲገባ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናትና ማለዳ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነጥቶ ይታያል። "ብርድ ልብስ ፋብሪካው እዚህ የተተከለው ወዶ አይደለም" እያልን እንቀልድ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ታዲያ ከብርዱ የምሸሸግበት ቤት አገኘሁ። ጠባሴ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ስምንት አሮጌ ኮምፒዩተሮች በኮምፔንሳቶ ተከፋፍለው የተደረደሩበት ኢንተርኔት ቤት። ስምንቱም ከተከፈቱ ክፍሉ እንጀራ እንደሚጋገርበት ጓዳ ይሞቃል። የቤቱን ባለቤት "እትዬ" ነው የምንላቸው። በር ላይ ተቀምጠው የገባንበትን ሰዓት ደብተር ላይ ይጽፋሉ። በደቂቃ 25 ሳንቲም።

መጀመሪያ የገባሁት ለትምህርት ቤት ጽሑፍ ፍለጋ ነበር፤ ቢያንስ ለእናቴ የነገርኳት እንደዚያ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ስክሪን ላይ ግን አንዲት ትንሽ ሰው ዛፍ ስትቆርጥ አየሁ። ከዚያ እሳት አነደደች፤ ዓሣ ጠበሰች፤ ግማሹን አሳረረችው። ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ጨዋታው ሩንስኬፕ ነው። አንድሩ ጋወር የሚባል እንግሊዛዊ ከወንድሙ ጋር ሠርቶ በ1993 ዓ.ም. የለቀቀው፣ ከመላው ዓለም የመጣ ሰው በአንድ አገር ውስጥ የሚኖርበት የተረት ዓለም። ያኔ ኮምፒዩተር ላይ መጫን ሳያስፈልገው እንደ ማንኛውም ድረ ገጽ ተከፍቶ ይሠራ ነበር። የእትዬን ሽማግሌ ኮምፒዩተሮች ሳይንቅ እኛ ዘንድ የደረሰውም ለዚህ ነው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ የሻይና የፓስቲ ገንዘቤን እዚያ አፈሰስኩ። ብረት ቆፈርኩ፣ አቀለጥኩ፣ ቀጠቀጥኩ፤ የራሴን ጥሩርና ጋሻ ሠርቼ ለበስኩ። እንደዚያ ታጥቄ ቫሮክ የምትባለው ከተማ አደባባይ ላይ ስንጎራደድ አንድ ሰማያዊ ካባ የለበሰ ሰው ቀረበኝ። የማይፈልገው የተሻለ ጥሩር እንዳለው፣ በነጻ ሊሰጠኝ እንደሚችል በእንግሊዝኛ ጻፈልኝ። "ተከተለኝ" አለ። ተከተልኩት። ወደ ሰሜን ሄድን፣ ሄድን፤ መሐል ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ስክሪኑን ሸፈነው። ማስጠንቀቂያ አንብቤ አላውቅም ነበርና "እሺ" የሚለውን ተጭኜ አለፍኩ።

ከዛፍ ጀርባ ሁለተኛ ሰው ወጣ። አራት ጊዜ መታኝ መሰለኝ። በአምስተኛው ሰውዬዬ ተንበርክኮ ወደቀ።

የጮህኩ አልመሰለኝም ነበር፤ ግን እትዬ ከበሩ "ምን ሆንክ ልጄ?" አሉ። ከኮምፔንሳቶው ማዶ የአንድ ሰው ሳቅ ተሰማ። "ማሙሽ፣ በረሃ ገብተህ ነው? ምን ምን ይዘህ ገባህ?"

ባለጋቢውን ያወቅሁት እንዲህ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ፣ ማውስ የያዘች እጁን ብቻ አውጥቶ ይጫወታል። "በረሃ" የሚለው ዋይልደርነስ የሚባለውን ከድንበሩ ወዲያ ያለ ምድር ነው። እዚያ ሰው ሰውን መግደል፣ ንብረቱንም መውሰድ የተፈቀደ ነው። ነገሩ ግን ተዘግቶ ቆይቶ ነበር። እውነተኛ ገንዘብ እየተቀበሉ የጨዋታውን ወርቅ የሚሸጡ ነጋዴዎች ሲበዙ፣ የጨዋታው ባለቤቶች ኅዳር 30 ቀን 2000 ዓ.ም. እዚያ የነበረውን የሰው ለሰው ውጊያ አነሡት። ከሦስት ዓመት በኋላ ተጫዋቾች ድምፅ ሰጥተው ጥር 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተመለሰ። እኔ የሞትኩት በዚያ ሰሞን ነው። አሮጌ ሽፍታ ሁሉ ሰይፉን ወልውሎ ወደ በረሃው የጎረፈበት፣ እንደ እኔ ያለ ጀማሪ ደግሞ እንደ ድግስ በግ የሚታይበት ሰሞን።

ባለጋቢው ወንበሩን ወደ እኔ ጎትቶ ያስተማረኝን ዛሬ የእህቴ ልጅ በስልኩ ያንኑ ጨዋታ ሲጫወት ቃል በቃል እነግረዋለሁ።

"መጀመሪያ፣ የማታለቅስበትን ብቻ ይዘህ ግባ።" ስትሞት ከያዝከው ውስጥ ዋጋቸው ከፍ ያለ ሦስት ዕቃዎች ይቀሩልሃል፤ ሌላው ለገዳይህ ነው። ያልነካህን ሰው ቀድመህ ከመታህ ግን ከራስህ በላይ የራስ ቅል ምልክት ይወጣብሃል፤ ያን ጊዜ ብትሞት ሦስቱም የሉም። ስለዚህ ጀማሪ ቀድሞ አይመታም። ከቤት ሲወጣም ሦስት ደህና ዕቃ፣ የቀረውን ርካሽ ያደርጋል። "ሀብትህን ለብሰህ ገበያ አትወጣ" አለኝ፣ የእናቴን አነጋገር ቁጭ አድርጎ።

ሁለተኛው ስንቅ ነው። ከረጢቱ 28 ቦታ አለው፤ ሃያውን ምግብ ሙላው። በነጻ ለሚጫወት ሰው የታወቀው ስንቅ ሎብስተር ነው። በ30 የወርቅ ሳንቲም መርከብ ተሳፍሮ ካራምጃ ወደምትባል ደሴት መሻገር፣ በወጥመድ ማጥመድ፣ አምጥቶ መጥበስ ነው። ሲጠበስ ፍም ይመስላል። ያኔ አንዱ 120 ነፍስ ይመልስ ነበር። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ባሕር ያላየ ልጅ ሎብስተርን በምን ያውቀዋል? "ቀዩ" አልነውና አረፍን። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ችግር መጣ። ከመካከላችን አንዱ ዲያቆን ነበርና "ቀዩን መብላት ያስፈስካል ወይ?" ብለን ጠየቅነው። እስኪበቃው ስቆ "አፍህ ካልቀመሰው ምን ገዶህ" አለ። ቀጥሎ ግን ስክሪኑን አየና "ዓይንህስ ይጾማል?" አለ። ለሁለት ቀን ዓሣ ሳላጠምድ ቆየሁ።

ሦስተኛው፣ ሰውየውን ሳይሆን የለበሰውን እይ። ሰይፍ ቀስተኛን ይረታል፤ ቀስት አስማተኛን ይረታል፤ አስማት ደግሞ ብረት ለባሹን። እኔ የሚያስፈራኝ ከእግር እስከ ራሱ ብረት የለበሰው ነበር። ባለጋቢው ግን እሱን ሲያይ እጁን ያፋትጋል፤ ድግምቱ ብረት ላይ አጥብቆ ይይዛልና። ሰው ከሚፈራው ይልቅ ከሚንቀው ይሞታል ይለኝ ነበር፤ ካባ ብቻ የለበሰውን ንቄ ስንቴ እንደሞትኩ እኔ ነኝ የማውቅ።

አራተኛውን ለማስረዳት እርሳስ አነሣ። ጠረጴዛውን ቶሎ ቶሎ፣ እኩል እኩል ይመታ ጀመር፤ ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ። "ሰርቨሩ ዓለሙን የሚያንቀሳቅሰው እንዲህ እየቆጠረ ነው፤ አንዷ ምት 0.6 ሰኮንድ ናት። ጎራዴ በየአራት ምቱ አንዴ ይሰነዘራል። ትልቁ ባለ ሁለት እጅ ሰይፍ በየሰባት ምቱ፤ ግን ካገኘህ ይገምስሃል።" ቀዩን በጎረስክ ቁጥር ደግሞ የምትሰነዝረው በሦስት ምት ይዘገያል። በፍርሃት የሚበላ ስለዚህ በልቶ በልቶ ሳይመታ ስንቁ ያልቃል፤ በስስት የማይበላ ደግሞ ስንቁን ሳይነካ ይሞታል። የጠላትህ ትልቁ ምት ስንት እንደሚያነሣ ዕወቅና ነፍስህ ከዚያች ቁጥር ዝቅ ስትል ያን ጊዜ ብላ። "የእኛ ኔትወርክ ዘገምተኛ ነው፣ እንግሊዝ አገር ያለውን በጣት አትቀድመውም" አለ እርሳሱን ሳያቆም። "ግን ሁለታችሁም በዚችው ምት ነው የምትጨፍሩ። አንድ ምት ቀድመህ ካሰብክ ትደርስበታለህ።"

አምስተኛው መመለሻ ነው። በረሃው ወደ ሰሜን በገባህ ቁጥር ደረጃው ይጨምራል፤ ከ20ኛው ካለፍክ ወደ ከተማ የሚያስፈነጥርህ ድግምት አይሠራም። በእግርህ ነው የምትመለሰው።

ስድስተኛ ምክር አልነበረውም፤ አንድ ልማድ ግን ነበረው። በጨዋታው ሰው ሲሞት ከንብረቱ ጋር አጥንቱም መሬት ላይ ይወድቃል። ንብረቱን ለቅሞ እብስ ማለት ነው የማንኛችንም ሥራ፤ ሌላ ሽፍታ ሳይደርስ። ባለጋቢው ግን አጥንቱን አንሥቶ ይቀብራል። አንድ አጥንት መቅበር ለጸሎት ችሎታህ 4.5 ነጥብ ብቻ ነው የሚያስገኘው፤ ከኢምንት የሚቆጠር። "ለምን ትዘገያለህ?" ብዬ ብጠይቀው ጋቢውን ወደ ላይ ስቦ "ልማድ ነው" አለኝ።

መብራት ለሚጠፋበት ቀን ግን እሱም ዘዴ አልነበረውም። ውጊያ መሐል ስክሪኑ ጭልም ይላል፤ እኛ ጨለማ ውስጥ ቀርተን እትዬ ሻማ ሲፈልጉ ሰውዬአችን እዚያ በረሃ ላይ ለጥቂት ጊዜ እጁን አጣጥፎ ይቆማል። ያ ጥቂት ጊዜ ይበቃል። በነጋታው ስንገባ ራሳችንን የሞተ ሁሉ በሚነቃበት በላምብሪጅ ግቢ ውስጥ፣ ከሦስቱ ዕቃዎች በቀር ባዶ እጃችንን እናገኘዋለን።

ለፋሲካ አንኮበር፣ አያቴ ዘንድ ወጣሁ። ከደብረ ብርሃን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደጋው ሜዳ ሲያልቅ ምድሩ በአንድ ጊዜ ይከዳል፤ የምኒልክ ግቢ ከነበረበት ጉብታ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ላየ ቆላው ጭጋግ ለብሶ እስከ አፋር ይዘረጋል። እውነተኛው በረሃ። አያቴ በርኖሳቸውን ደርበው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

"እዚያ ቤት ስትውል ምን ትሠራለህ አሉ?"

"ጨዋታ ነው አባባ። ከሰው ጋር በሰይፍ እንጋጠማለን። በኮምፒዩተር ነው፣ እውነት አይደለም።"

"ጉግስስ መች እውነት ነበር?" አሉኝ። ወጣት ሳሉ በጥምቀት ሜዳው ላይ ፈረስ ያስጋልቡ ነበር፤ ግማሹ ይሸሻል፣ ግማሹ እያሳደደ ዘንግ ይወረውራል። "ሲያሳድድ ሁሉም ጎበዝ ነው። ሰው የሚለየው ሲባረር ነው። ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ፣ ፈረሱን ሳያደናግር የሚመለስ እሱ ነው ፈረሰኛ።" ከባለጋቢው አምስተኛ ምክር ጋር ምን ያህል እንደተገጣጠመ ልነግራቸው ስል እሳቸው ቀደሙኝ።

"የእናንተው ሰው ሲሸነፍ ምን ይሆናል?"

"ይሞታል። ንብረቱና አጥንቱ ይወድቃል።"

"ትቀብሩታላችሁ?"

"ሰው አይቀብርም አባባ፤ የሚያስገኘው ነጥብ ትንሽ ነው።"

ዝም አሉ። ሴት አያቴ ከጓዳ ሆነው ሲስቁ ይሰማኛል። "ገድሎ፣ ገፎ፣ አጥንቱን ለጅብ ጥሎ መሄድ" አሉ ኋላ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። "ጨዋታም ቢሆን ደስ አይልም።" ከዚያ በግ ስለሚያርደው ሰው ጠየቁኝ፤ ነገሩ እዚያው ቀረ።

ከበዓል መልስ የመጀመሪያዬን ሰው ገደልኩ። ብረት የለበሰ ነበር፤ በድግምት ያዝኩት፤ ጠረጴዛውን በጣቴ እየመታሁ ምት ቆጠርኩ፤ ሁለት ጊዜ ብቻ በላሁ። ሲወድቅ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጎራዴውን አነሣሁ፤ የተረፉትን ቀዮች አነሣሁ። ልሮጥ ስል አጥንቱን አየሁት። እንደዚያ ሜዳ ላይ፣ ነጭ፣ ትንሽ። አያቴ ትከሻዬ ላይ የቆሙ መሰለኝ። ተመለስኩና አነሣሁት፤ "ቅበር" የሚለውን ተጫንኩ። ሰውዬዬ አጎነበሰ።

ቀና ሳይል ከጀርባው ቀስት አረፈበት። ብበላ፣ ብሮጥ አልሆነም፤ ነፍሴ ገና ከፊተኛው ውጊያ አላገገመችም ነበር። ላምብሪጅ ላይ ነቃሁ። ያጣሁት ርካሽ ካባ፣ ጥቂት ቀዮችና ለአንድ ደቂቃ የእኔ የነበረች ጎራዴ ነው። አላለቀስኩም፤ የማለቅስበትን ይዤ አልገባሁማ።

ከኮምፔንሳቶው ማዶ ያ ሳቅ ተሰማ። "ለቀብር ወጥቶ የሞተ አንተን አየሁ! ና፣ ና ቶሎ።"

ወንበሬን ገፍቼ ሄድኩ። ለካ ከኋላዬ ተከትሎኝ ገብቶ፣ ጥግ ላይ ቆሞ ያይ ኖሯል። ገዳዬ ዕቃዬን ለቅሞ ሄዷል። የባለጋቢው ስክሪን መሐል ላይ የእኔ አጥንት ብቻዋን ተጥላለች። አንዴ ጠቅ አደረገ፤ ሰውየው አጎነበሰ፤ አጥንቷ ጠፋች።

"4.5" አለና ጋቢውን ተከናነበ።