ከቆመበት መቀጠል

አንድ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ሲሊንደርና ስለ ሞላ ለመጻፍ ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል። ከመሐንዲስ ጋር በአንድ ክፍል የሚያድር ሰው ግን ሳይወድ የሚማረው ትምህርት አለ። ባልንጀራዬ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራው በዚሁ ጉዳይ ነው፤ አሮጌው ኮምፒዩተሩም ሌሊቱን ሙሉ ከራስጌዬ ሲያጉረመርም ያድራል። ስለዚህ ያየሁትን ብናገር ድፍረት አይሁንብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወራጅ ውኃ ውስጥ ክብ ምሰሶ ብናቆም ውኃው ከምሰሶው ኋላ አዙሪት ይሠራል፤ አንዱ ከቀኝ፣ ቀጣዩ ከግራ፣ እየተፈራረቁ ይላቀቃሉ። ስትሩሃል የተባለ የቼክ ተወላጅ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1878 ነፋስ ሽቦን እንዴት እንደሚያስጮኽ መርምሮ ነበርና፣ የዚህ ሕግ ቁጥር እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል። የውኃውን ፍጥነት ለምሰሶው ውፍረት አካፍለን፣ በብዙ ሁኔታ 0.2 ገደማ በሆነው በዚሁ ቁጥር ብናባዛው፣ የቀኝና የግራው ጥንድ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚላቀቅ እናገኛለን። ምሰሶው 10 ሳንቲ ሜትር ቢወፍር፣ ውኃውም በሴኮንድ 1 ሜትር ቢሄድ፣ በሴኮንድ 2 ጊዜ ማለት ነው። ምሰሶው በሞላ ላይ ከተቀመጠና የሞላው የራሱ ውዝዋዜ ከዚህ ቁጥር ጋር ከተቀራረበ፣ ምሰሶው ወደ ጎንና ጎን መወዛወዝ ይጀምራል፤ አዙሪቶቹንም ከራሱ እርምጃ ጋር ያስማማቸዋል። በአንዳንድ ረጃጅም የፋብሪካ ጭስ መውጫዎች ጫፍ ላይ እንደ ሐረግ የተጠመጠመ ቆርቆሮ ያያችሁ እንደሆነ፣ ነፋሱ ይህን የመሰለ ውዝዋዜ እንዳያስነሣ የተደረገ መከላከያ ነው።

ባልንጀራዬ ይህን ሁሉ በኮምፒዩተር ያሰላል። ፕሮግራሙ የደረሰበትን በየጊዜው በፋይል ያስቀምጣል፤ መብራት ቢጠፋ ከመጨረሻው ፋይል ተነሥቶ ይቀጥላል። እንግዲህ አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። በማግሥቱ ስሌቱን ከ40ኛው ሴኮንድ አስቀጠለው፤ ውጤቱን በሥዕል ሲያወጣው ግን መስመሩ ልክ 40ኛው ሴኮንድ ላይ ተሰብሯል። ምሰሶውን የሚገፋው ኃይል በአንድ ቅጽበት እንደ መርፌ ሽቅብ ወጥቷል፤ ውዝዋዜውም እንደ ሕፃን ከዳዴ ጀምሯል። በሌላ ሌሊት እንደገና ሲጠፋ ደግሞ ነገሩ ተለወጠ፤ ዳዴው ቀርቶ ምሰሶው ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ እዚያ ይወዛወዛል።

ባልንጀራዬ የጊዜውን እርምጃ በግማሽ ቀነሰ። መርፌው በማጠር ፈንታ ረዘመ። ይህ ራሱ ምልክት ነበር፤ ፍጥነት በአንድ እርምጃ ውስጥ በድንገት ሲለወጥ፣ እርምጃው ባጠረ ቁጥር የሚያስፈልገው ኃይል ይበዛልና። እኛ ግን ያን ጊዜ አላስተዋልነውም። ቀጥሎ ፋይሉ ቁጥሮችን በ6 አኃዝ እንደሚጽፍ አይቶ ወደ 12 ከፍ አደረገው። ለውጥ የለም።

ጽሑፉን ለማስረከብ 9 ቀን ቀርቶት ነበር። «የተበላሸውን ቆርጬ ሁለቱን ጫፍ ባጋጥማቸው ማን ያያል?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ከዚያ ጩኸት ለመገላገል «ቁረጠው» ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን እኔ የታሪክ ተማሪ ነኝ፤ የተቀደደን ገጽ ሰፍቶ ሙሉ ነው ማለት በእኛ ዘንድ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ስለዚህ ዝም ላለማለት ያህል፣

«መብራቱ ሲጠፋ ምሰሶው ወዴት እየሄደ ነበር?» አልሁት።

«የት እንደነበረ ፋይሉ ውስጥ አለ።»

«የት ነበረ አላልሁም፤ ወዴት ይሄድ ነበር ነው ያልሁት።»

ዝም አለ። ከአልጋው ተነሥቶ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከፈተ። የውኃው ፍጥነትና ግፊት ተቀምጧል፤ ምሰሶውን የከበበው የነጥቦች መረብም የደረሰበት ተቀምጧል። የምሰሶው የራሱ ፍጥነት ያለበት ፋይል ግን ስሌቱ ሲነሣ አይነበብም፤ ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው ትእዛዝ ላይ «ፍጥነት ዜሮ» የሚለውን ይወስዳል። በዚያ ላይ የሞላውን ማረፊያ ቦታ፣ ምሰሶው አሁን ካለበት ተነሥቶ እንደ አዲስ ይለካዋል።

ሕመሙ በየጊዜው ሌላ የመሰለን ለዚህ ነበር። ምሰሶው ከጫፍ ደርሶ ሊመለስ ሲል ለቅጽበት ይቆማል፤ መብራት እዚያ ላይ ቢጠፋ ፍጥነቱ በእውነትም ዜሮ ነውና አንደኛው ስሕተት ይሸሸጋል፤ ሞላው ግን ጫፉን ማረፊያዬ ነው ይላል። መሐል ሲያልፍ ቢጠፋ ደግሞ ማረፊያው ትክክል ነው፤ ነገር ግን በሙሉ ፍጥነት ይሮጥ የነበረው ምሰሶ ድንገት ቀጥ ይላል። አንዱ ስሕተት በሚታይበት ሌላው ይደበቃል።

ባልንጀራዬ የምሰሶው ፋይል እንዲነበብ አደረገ፤ ማረፊያውንም በቁጥር ጽፎ አሰረው። ከዚያም ፈተነው። 20 ሴኮንድ ሳያቋርጥ አሰላ፤ ያንኑ ደግሞ አንድ ጊዜ ጫፍ ላይ፣ አንድ ጊዜ መሐል ላይ ሆን ብሎ አቁሞ አስቀጠለ። ሦስቱን መስመሮች ደራርቦ ሲያወጣቸው ያየነው አንድ መስመር ብቻ ነው።

እኔ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። በ2013 ስንመለስ መምህራችን «የት ላይ ነበርን?» አሉ፤ ገጹም ተገኘ። ወዴት እየሄድን እንደነበረ ግን የጠየቀን አልነበረም፤ እኛም እርስ በርሳችን አልተጠያየቅንም። አንዳንዶቻችን ከዜሮ ተነሣን፤ አንዳንዶቻችንም የቆምንበትን ማረፊያችን አድርገን ቀረን።

ባልንጀራዬ ከመጀመሪያው መቋረጥ ወዲህ ያለውን ሁሉ ጥሎ እንደገና አሰላ፤ ስድስት ሌሊት ፈጀበት። በአራተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ። «ይጥፋ» ብሎ ተገላብጦ ተኛ። ጩኸቱ ስለቆመ እኔም ተኛሁ።