የማን ልጅ ነው?

ታሊን የገባሁት እንደማንኛውም ቱሪስት ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነው። የኤስቶኒያ ዋና ከተማ አሮጌ ነገር አትጥልም። በማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ ያለው መድኃኒት ቤት ስሙ በመዝገብ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1422 ነው፤ ዛሬም መድኃኒት ይሸጣል። የጥንቱ ግንብም ከነማማዎቹ ቆሟል።

እኔን የሳበኝ ግን አንድ ሰው ነው። ያኔ ሬቫል ትባል የነበረችውን ይህችን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1742 እስከ 1752 በወታደራዊ አዛዥነት የመራው አብራም ሃኒባል፣ የፑሽኪን ቅድመ አያት፣ በልጅነቱ ከአፍሪካ የተወሰደ ነው። ሹመቱ ከነዘመኑ ተጽፏል። መንደሩ ግን እስካሁን ያከራክራል፤ እኛ «የኛ ነው» እንላለን፣ ሌሎች ካሜሩን ይላሉ።

ይህን ጎብዬ ላይ ለአንድ አዛውንት ባጫውታቸው፣ ስለ ግንቡ ምንም አልጠየቁኝም።

«የማን ልጅ ነው?» አሉ።

«አባቱ ገዥ እንደነበሩ ጽፏል። ስማቸውን ግን አናውቅም።»

«ኧረ ልጄ! ስም የሌለው አባት?» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እውነታቸውን ነው። ዛሬም ከራያ ሜዳ ስንቱ ወጣት በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ ሳውዲ ለመግባት ይወጣል። የሚሳካለት አለ፤ መንገድ የሚቀርም አለ። የማን ልጅ እንደሆነ የምናውቀው እኛ ነንና፣ ቢያንስ ስሙን ጽፈን እናስቀምጥ። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ቱሪስት አይከራከርበት።