ከዳቦው በኋላ የመጣው ጥያቄ

ጀርመን አገር መኖር ከጀመርኩ አስራ አንደኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በእነዚህ ዓመታት «ከየት ነህ?» ተብዬ ስንት ጊዜ እንደተጠየቅኩ ቆጥሬው አላውቅም። በባቡር ውስጥ፣ በቢሮ ወረፋ፣ ቤት ልከራይ ሄጄ ገና በሩ ሳይከፈትልኝ ተጠይቄያለሁ። የጠየቁኝ ሁሉ ክፉ አስበው አይደለም። ቢሆንም ጥያቄው በመጣ ቁጥር ውስጤን ቆንጠጥ ያደርገዋል። ለምን እንደሆነ የገባኝ ባለፈው ነሐሴ ነው፤ ኤርፉርት በምትባል ጥንታዊ ከተማ፣ በአንዲት ትንሽ ፔንሲዮን ሦስት ሌሊት አድሬ ስመለስ።

እኔ ፍራንክፈርት በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምሠራው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ተረኛ ነኝ። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ወደ ኤርፉርት እንደምሄድ ስናገር አንድ ወዳጄ «ወደ ምሥራቅ? ብቻህን?» አለኝ። ፍርሃቱ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ኤርፉርት የቱሪንገን ክልል ዋና ከተማ ናት፤ በዚያ ክልል በ2024 በተደረገው ምርጫ አንደኛ የወጣው ስደተኞችን አጥብቆ የሚቃወመው ፓርቲ ነው። እኔም ልቤ አልፈራም ብል እዋሻለሁ። የወሰደኝ ግን አንድ የቆየ ጉዳይ ነበር። የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 አዘጋጅቶ ያሳተመው ኢዮብ ሉዶልፍ የተወለደው ኤርፉርት ነው፣ በ1624። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) መጽሐፎቹ የታተሙት፣ እሱም በ1704 ያረፈው ደግሞ እኔ በየቀኑ በባቡር በምመላለስባት በፍራንክፈርት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ከዚህ ሰው ጋር አንድ ከተማ ተቀምጬ፣ የተወለደበትን ሳላይ መቅረቴ ከነከነኝ።

አዲስ አበባ ፔንሲዮን ሲባል ብዙ ክፍል ያለው፣ ሰው ገብቶ የሚወጣበት፣ ማን ማን እንደሆነ የማይታወቅበት ቤት ነው ትዝ የሚለን። ጀርመን ውስጥ ብዙውን ጊዜ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ነው፤ ልጆች አድገው ከወጡ በኋላ ባዶ የቀሩትን ክፍሎች ለመንገደኛ ያከራዩታል። የእኔ ማረፊያ አሳንሰር የሌለው ባለ ሦስት ፎቅ አሮጌ ቤት ነው። አንድ ሌሊት ከነቁርሱ 45 ዩሮ። መታጠቢያው ኮሪደሩ ላይ ነው፤ ሦስት ክፍሎች ይጋሩታል። ወለሉ ጣውላ ስለሆነ ማን መቼ እንደተነሣ እግሩ ይናገራል።

የቤቱ ባለቤት ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው። መጀመሪያ የሰጡኝ ቅጽ ነበር፦ ስም፣ ዜግነት፣ የመጣህበት ቀን፣ የምትሄድበት ቀን። ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ይህን መሙላቱ ሕግ ነው። ቀጥለው የቤቱን ደንብ አሳዩኝ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ጸጥታ ነው። ቆሻሻ ይለያል፤ ወረቀቱ ለብቻ፣ ፕላስቲኩ ለብቻ፣ የምግብ ትራፊው ለብቻ። ጠዋት መስኮቱ ወለል ተደርጎ ይከፈትና ክፍሉ ይናፈሳል። ቁርስ ቤቱ ግድግዳ ላይ ደግሞ «ከቁርስ ጠረጴዛ ምግብ ይዞ መውጣት አይፈቀድም» የሚል ተለጥፏል። ይህ ሁሉ ሲነበብልኝ ውስጤ ትንሽ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ግን ሁለት ቁልፍ መዳፌ ላይ አኖሩ፤ አንዱ የክፍሌ፣ አንዱ የውጭው በር። «ስታመሽ ራስህ ክፈትና ግባ፤ እኔ ቀድሜ እተኛለሁ» አሉና ወደ ጓዳቸው ሄዱ።

ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ያንን ቁልፍ አሰብኩት። ስሜን ካወቁ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የቤታቸውን የውጭ በር ቁልፍ ሰጥተውኝ ተኝተዋል። እንግዲህ ደንቡ እኔን መጠርጠሪያ አይደለም ማለት ነው። ደንቡ ስላለ ነው ለማያውቁት ሰው ቁልፍ ሰጥተው እንቅልፍ የሚወስዳቸው። ይህን አገር ለረጅም ጊዜ የወረቀት አገር ብቻ አድርጌ አይቼው ነበር፤ ወረቀቱ ለእምነት መሠረት ሊሆን እንደሚችል ልብ ያልኩት ያን ሌሊት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ቤት ወረድኩ። ጠረጴዛው ሞልቷል፦ በዓይነት የተደረደረ ዳቦ፣ አይብ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ስስ ተደርጎ የተቆረጠ ሥጋ፣ ቤት የተሠራ የፕለም ማርማላታ፣ ቡና። ጊዜው ግን ፍልሰታ ነበር። «ይቅርታ፣ እስከ ከሰዓት ዘጠኝ አልበላም፤ ጾም ይዣለሁ» አልኳቸው። ውሃ እንኳ አለመንካቴን ሲያዩ ዝም ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። አንድ ጥያቄ አልጠየቁኝም። ሲመለሱ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። «ቅቤ አልቀባሁትም፤ ቅቤም አይበላም፣ አይደል?» አሉኝ። ሁለት ትልልቅ ቁራሽ ዳቦ በማርማላታ፣ ሁለት ፖም፣ የተቆረጠ ሐብሐብ። ምግብ ይዞ መውጣት አይፈቀድም ከሚለው ማስታወቂያ ሥር ቆመው፣ ደንቡን ያወጡት እሳቸው ራሳቸው ስንቅ ቋጠሩልኝ።

ከዚያ ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። «በል አሁን ንገረኝ» አሉ፤ «እንዲህ የሚጾመው አገር የት ነው?»

ያው ጥያቄ ነው። ባቡር ውስጥ የሚቆነጥጠኝ፣ በር ላይ የሚያቆመኝ ያው «ከየት ነህ?»። ግን ምንም አልቆነጠጠኝም። አፌ ተከፍቶ አወራሁ፤ ስለ ፍልሰታ፣ በልጅነቴ ከቅዳሴ መልስ እናቴ ስለምታድለን ቆሎ፣ አያቴ ውሃ የሚያቀርብላቸውን ሰው ሁሉ እንዴት እንደሚመርቁ። ሳላውቀው አንድ ሰዓት ሄደ።

ልዩነቱ የገባኝ ያኔ ነው። በአገራችን መንገደኛ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ ሲቆም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ተብሎ ይገባል። እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርብለታል። ከጠገበ በኋላ ነው «ለመሆኑ አገርዎ ወዴት ነው?» የሚባለው። ጥያቄው ከእንጀራ በኋላ ይመጣል። ቦታህን ካገኘህ በኋላ የሚጠይቅህ ሰው ታሪክህን ነው የሚፈልገው፤ ቦታ ሳይሰጥህ የሚጠይቅህ ግን ለመግባት ትበቃ እንደሆነ እየመዘነህ ነው። ቃሉ አንድ፣ ተራው ሌላ።

እሳቸውም የራሳቸውን ነገሩኝ። ያደጉት በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን ነው። በወጣትነታቸው ፍራንክፈርት፣ እኔ በፈጣኑ ባቡር ከሁለት ሰዓት በትንሹ በሚበልጥ ጊዜ የመጣሁበት ከተማ፣ የማይደረስበት ነበር። ድንበሩ በ1989 እስኪከፈት ድረስ ከዚያ ወገን አንድም ሰው እቤታቸው አድሮ አያውቅም። «እኔ ብዙ መሄድ አልቻልኩም፤ ስለዚህ ሰው ወደ እኔ እንዲመጣ ክፍሎቹን ከፈትኩ» አሉኝ።

ስንቄን ይዤ፣ የሉዶልፍን ዱካ ለመከተል፣ በባቡር ጎታ ወደምትባል ከተማ ሄድኩ፤ ሃያ ደቂቃ አካባቢ ነው። ከከተማዋ በላይ ኮረብታው ላይ ፍሪደንሽታይን የሚባለው ግዙፍ ቤተ መንግሥት ቆሟል። ስሙ የሰላም ድንጋይ እንደ ማለት ነው። መሠረቱ የተጣለው በ1643፣ የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ገና ሳያልቅ ነው። በ1652 ሕንፃው ተሠርቶ ሳይጠናቀቅ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ እዚያ ተቀምጦ ነበር፦ አባ ጎርጎርዮስ፣ የአምሐራው፣ የመካነ ሥላሴው ሰው።

ሉዶልፍና አባ ጎርጎርዮስ የተገናኙት በ1649 ሮም ነው። ወጣቱ ጀርመናዊ ግእዝን ከመጽሐፍ ለቅሞ ተምሯል እንጂ ሲናገሩት ሰምቶ አያውቅም። አባም በግእዝ ያነቡ፣ ይጸልዩ ነበር እንጂ ስለ ዕለት ጉዳይ ለማውራት የለመዱት ቋንቋ አልነበረም። ሁለቱም በማይቀናቸው ቋንቋ፣ ቃል በቃል እየፈለጉ ተግባቡ። በኋላ የጎታው መስፍን ኤርንስት አባን ወደ ቤተ መንግሥቱ ጋበዛቸው። ማደሪያ ተሰጣቸው፣ ማዕድ ቀረበላቸው፣ ከዚያ ተጠየቁ፦ ስለ አገራቸው ነገሥታት፣ ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው፣ ስለ ቋንቋቸው። ሉዶልፍ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን ሲያሳትም ዋነኛ ምስክሩ እኚህ እንግዳ ነበሩ፤ ይህንንም አልደበቀም፣ ስማቸውን ጠቅሶ ጽፎታል። አባ ግን መጽሐፉን አላዩትም። በ1658 ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥማ ባሕር ላይ ቀሩ። የአማርኛው ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የወጣው እሳቸው ካረፉ ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። ሉዶልፍ የሰማውን ቃል አርባ ዓመት ሙሉ አልጣለውም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በቤተ መንግሥቱ ሰፊ ግቢ አንድ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ስንቄን ፈታሁ። ዳቦው ወረቀቱ ውስጥ ማርማላታውን መጦ ለስልሷል። ያንን ዳቦ ስበላ ስለ ታላላቅ መጻሕፍት አልነበረም የማስበው። አባ ጎርጎርዮስ በዚህ ግቢ ምን ቀርቦላቸው ይሆን፣ መጀመሪያ ጠግበው ይሆን የተጠየቁት እያልኩ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ኤርፉርትን በእግሬ ዞርኳት። መንገደኛ ሁሉ የሚሄድባት ክሬመርብሩከ ድልድይ ናት፤ በድንጋይ የተሠራችው በ1325 ሲሆን ዛሬም 32 ቤቶች ላይዋ ተደርድረው ሰው ይኖርባቸዋል። ውስጧ ስትሄድ ተራ የገበያ መንገድ ነው የምትመስለው፤ ወንዝ ላይ መሆንህን የምታውቀው ወርደህ ከጎን ስታያት ነው። ወደ ካቴድራሉ የሚያወጡትን 70 ደረጃዎችም ወጣሁ። ማርቲን ሉተር የቅስና ማዕረግ የተቀበለው በዚያ ነው፣ በ1507። በማማው ውስጥ ግሎሪዮሳ የምትባለው ደወል አለች፤ በ1497 የተሠራች፣ ክብደቷ ከ11 ቶን በላይ የሆነ። ዘወትር አትደወልም፤ ለታላላቅ በዓላት ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ ያቆመኝ ግን አሮጌው ምኩራብ ነው። የግንቡ ጥንታዊ ክፍል ከአስራ አንደኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ቆሟል። በ1349 በወቅቱ አውሮፓን ያጠቃውን ወረርሽኝ ያመጡት አይሁድ ናቸው ተብሎ የኤርፉርት አይሁድ ተጨፈጨፉ። ምኩራቡ መጋዘን ሆነ፣ በኋላም የጭፈራ አዳራሽ፤ ምን እንደነበረም ተረሳ። በ1998 በዚያው ሰፈር ቁፋሮ ላይ አንድ ሰው በዚያ የመከራ ጊዜ የደበቀው ብርና ወርቅ ተገኘ። ከመካከሉ አንድ የሠርግ ቀለበት አለ፤ አናቱ ላይ ትንሽ የወርቅ ቤት ተሠርቶበታል። ጣሪያ አለው፣ መስኮት አለው፣ እጅግ ረቂቅ ነው። አዲስ ተጋቢዎች ቤት ይኑራችሁ ሲባሉ ያደረጉት ቀለበት መሆኑ ነው። ባለቤቱ ተመልሶ አልወሰደውም። በ2023 የከተማዋ የመካከለኛው ዘመን የአይሁድ ቅርስ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቀለበቱ ያለበት መስታወት ፊት ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። አንድ ከተማ ሰውን መቀበልንም ጎረቤቱን መብላትንም ሊያውቅ ይችላል። ዛሬ የትኛውን እንደሚመርጥ የሚወሰነው በትልቁ አዳራሽ ብቻ አይደለም፤ ቁርስ ቤት ውስጥም ይወሰናል።

ማታ ስመለስ እኚያ እናት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ጠበቁኝ። «ዳቦ በእናንተ ቋንቋ ምንድን ነው?» ነገርኳቸው። «ጻፍልኝ።» በፊደላችን ጻፍኩላቸው። እሑድ ጠዋት ልሰናበት ስወርድ ወረቀቷ የዳቦው ቅርጫት ላይ ተለጥፋለች፦ «ዳቦ»። ከስንት መቶ ዓመት በፊት ሉዶልፍም እንዲሁ አንድ ቃል ጠይቆ፣ አንድ ቃል ጽፎ ነው የጀመረው።

ባቡር ውስጥ ሆኜ ግን ደስታዬን አንድ ነገር አቋረጠው። እኔ በየሌሊቱ ሾርባ የማቀርብላቸው፣ ትራስ የማስተካክልላቸው አረጋውያን አሉ። የእያንዳንዳቸውን መድኃኒት ሰዓቱን ሳልሳሳት አውቃለሁ። የትውልድ መንደራቸውን የማውቀው ግን ስንት ናቸው? ሌላው ሰው ዳቦ ሳይሰጥ ይጠይቀኛል እያልኩ አዝን ነበር። እኔ ደግሞ ዳቦውን እየሰጠሁ ጥያቄውን አስቀርቻለሁ።

ሰኞ ሌሊት ተራዬ ነበር። እንቅልፍ እንቢ ያላቸው አንዲት እናት አሉ፤ ሻይ አፍልቼ፣ ዳቦ ቆርሼ አቀረብኩላቸው። ከቀመሱ በኋላ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና «ያደጉት የት ነው?» አልኳቸው። እየቆዩ፣ እያስታወሱ፣ ስለ እናታቸው ምድጃ ነገሩኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስለሚጋገረው ትልቅ ዳቦ። በመንደራቸው ዘዬ የዳቦው ጫፍ የሚጠራበት የራሱ ስም አለው። ቃሉን ደግመው እንዲሉልኝ ለመንኳቸው፤ ከኪሴ ወረቀት አውጥቼ በፊደላችን ጻፍኩት።