ሐርቡ ላይ መኪና መጠበቅ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በመኪና የተጓዘ ሁሉ ሐርቡን አልፏታል፤ ልብ ያላት ግን ጥቂት ነው። ከሚሴን ለቆ፣ የጨፋን ሜዳ ጨርሶ፣ ሐሳቡን ኮምቦልቻ ላይ ሲጥል፣ መኻል ላይ ያለችው ሞቃት ከተማ በመስኮት ሽው ትላለች። ሐርቡን ለማወቅ መውረድ ያስፈልጋል። ይበልጥ ለማወቅ ደግሞ ከሐርቡ ለመውጣት መኪና መጠበቅ።

ሰሞኑን ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ይህ ዕድል ገጠመኝ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አስፋልቱ ዳር ስደርስ አሥር የምንሆን ሰዎች ነበርን። ግማሾቻችን በአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠጋን፤ የተረፉት ፀሐይ ላይ ቀሩ። ሚኒባስ በመጣ ቁጥር ሁላችንም ወደ አስፋልቱ እንሮጣለን። ረዳቱ በመስኮት እጁን እያወዛወዘ «ሞልቷል» ብሎ ያልፋል።

አጠገቤ የልጅ ልጃቸውን ያዘሉ እናት ነበሩ።

«የት ይሄዳሉ እማማ?»

«ደሴ ሆስፒታል። የዚች ልጅ ቀጠሮ 3 ሰዓት ነው።»

ሰዓቴን ሳይ አይተውኝ እኔኑ አጽናኑኝ፦ «አብሽር ልጄ፣ አላህ ያመጣዋል።»

መኪናው ጠፍቶ አይደለም። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። ሚኒባስ ከመናኸሪያ የሚነሳው በሰዓት ሳይሆን ሲሞላ ነው። ከሚሴ ላይ የሞላ መኪና ሐርቡ ላይ ሰው ካልወረደለት ቦታ የለውም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አገር አቋራጭ አውቶብስም ለአጭር መንገደኛ አይቆምም። ስለዚህ የመኻል ከተማ ሰው የሌላውን መውረድ ይጠብቃል። ወይ ትርፍ ሆኖ ተጣቦ ይሄዳል፤ የተጠየቀውንም ይከፍላል።

ኮምቦልቻ ሲደረስም ጉዞው አያልቅም። ደሴ የሚሄድ መኪና ቀይሮ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የሐረጎን ዳገት መውጣት አለ። በሐርቡ ሙቀት የላበው ሰው ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለችው ደሴ ብርዷን ይዛ ትቀበለዋለች። ሕፃን ላዘለ ይህ ቀላል አይደለም።

የሐርቡ ሰው ኮምቦልቻና ደሴ የሚመላለሰው ለሕክምና ብቻ አይደለም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በሁለቱ ከተሞች ናቸው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም በሐምሌ 2009 ተመርቋል። ሥራና ትምህርት ሰዓት አላቸው፤ መኪናው ግን የለውም።

አዲስ አበባ በ1930ዎቹ አጋማሽ ጣሊያን ጥሏቸው በሄዱ መኪኖች አንበሳ አውቶብስን ስትጀምር፣ ከዚያም ሸገርን ስትጨምር፣ ትልቁ ነገር ቁጥርና መስመር ያለው፣ የሚቆምበት ቦታ የታወቀ አውቶብስ ማግኘቷ ነበር። እዚያም ቢሆን ዛሬ ድረስ በየፌርማታው ፀሐይና ዝናብ ላይ የሚሰለፈው ብዙ ነው። አውቶብስ መግዛት ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

ለሐርቡ የምመኘው ትንሽ ነው። ከአስፋልቱ ገባ ያለ፣ መኪና የሚቆምበት የታወቀ ቦታ፤ ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፉ መሮጥ እንዲቀር። ቆርቆሮ ጥላና አግዳሚ ወንበር። ታሪፉ በትልቁ የተጻፈበት ሰሌዳ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከራሷ ከሐርቡ በሰዓቱ የሚነሳ አንድ መኪና፤ ቢያንስ ለታማሚና ለተማሪ። ቦታውንና ታሪፉን ከተማ አስተዳደሩና ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ሊያበጁት ይችላሉ።

ጥላውን ግን ሕዝቡም አያቅተውም። ወሎ ውስጥ ቅሬ የሌለበት ሰፈር የለም። ለሐዘንተኛ ድንኳንና ወንበር አዋጥቶ የሚገዛ ሰው፣ ቦታው ከተሰጠው ለመንገደኛም አራት ቋሚና ቆርቆሮ ያቆማል።

እኒያ እናት መኪና ያገኙት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ልጅቷን እንደታቀፉ፣ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት ወንበር አራተኛ ሆነው ገቡ። ቀጠሯቸው ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ቀርቶት ነበር፤ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ገና ሌላ መኪና ይጠብቃሉ።