ጉም ውስጥ በብስክሌት

ባሕር ዳር ላደግን ብስክሌት ማለት እግር ማለት ነው፤ ሜዳ ላይ ነዋ! እዚያ የምንፈራው ተሳፋሪ ባየ ቁጥር ያለ ምልክት ወደ ዳር የሚታጠፈውን ባጃጅ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ድንገት የሚከፈት የታክሲ በር አለ። ግሼ መጥቼ ከራቤል ከተማ ወጣ ስል ግን ዐይኔ የለመደው አደጋ አንዱም የለም። እዚህ የሚነዳው በጆሮ ነው።

ጉም ሲወርድ መንገዱ ይጠፋል። የዚህ አገር በግ ብዙው ጥቁር ወይም ቡናማ ነው፤ እረኛው የደረበውም ባና ጠቆር ያለ። መንጋው መንገዱን ሞልቶት እንኳ ጎማዬ ሥር እስኪደርስ አይታይም። ቀድሞ የሚደርሰው የጅራፍ ድምፅ ነው። ጆሮ ላይ ሙዚቃ ሰክቶ እዚህ መንዳት፣ በኔ ግምት፣ በሌሊት መብራት አጥፍቶ ከመንዳት ይብሳል።

አንድ ጠመዝማዛ ላይ የተጫነች በቅሎ የሚነዱ ሽማግሌ አጋጠሙኝ። ከደነበረች ገደል እንዳትከተኝ ወርጄ በተራራው በኩል ጥግ ያዝኩ። በቅሎዋ ጆሮዋን ቀስራ ተገተረች።

«ምን ዝም ትላለህ ልጄ? ተናገር እንጂ! ሰው መሆንህን ትወቅ።»

«እንደምን ዋሉ አባቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

በቅሎዋ አለፈች። ከዚያ ወዲህ ጉም ውስጥ ኩርባ ሳልደርስ ጮክ ብዬ ሰላምታ እሰጣለሁ፤ ሰው ባይኖርም። ደወል የጋማ ከብት ያስበረግጋል፤ የሰው ድምፅ ግን የለመዱት ነው።

ቁልቁለቱ ሌላ ጣጣ ነው። ለግሼ ቅርብ የሆነው የመንዙ ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል፤ የዚህ ደጋ ብርድ ጣት ያደነዝዛል፣ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬኑን ምን ያህል እንደያዘ አያውቅም። ጓንት የግድ ነው። ጠጠር ላይ ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባው ሳይደረስ ነው፤ ገብቶ የፊት ፍሬን የጨበጠ አፈር ይልሳል።

የእረኛ ውሻ ሲመጣ ፔዳል መምታት አይበጅም፤ የሚሮጥ ነገር ማባረር ልማዱ ነው። ወርዶ፣ ብስክሌቱን በራስና በውሻው መሃል አቁሞ፣ እረኛውን መጣራት ይሻላል። ከነከሰ ግን ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በወራጅ ውሃ አጥቦ ዕለቱኑ ለእብድ ውሻ ክትባት ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ «ውሻው የታወቀ ነው» የሚል ማባበያ አይሰማም። የኔ ሳሙና ከጎማ መለጠፊያው ጋር ነው የሚታሰረው።